በግቢያችን የተቀረጸው ለቅሶ

በአሥራ ሦስት ዓመቴ አንድ ፊልም ላይ ተጫውቻለሁ። ይህን ለሰው ስናገር ወዲያው የፊልሙን ስም ይጠይቁኛል። ስነግራቸው ደግሞ ሰምተውት ስለማያውቁ እንደ ዋሾ ያዩኛል። ስለዚህ መናገር ትቻለሁ። ስለ ድሮ የአገራችን ፊልሞች በተወራ ቁጥር ግን ጆሮዬን አቁሜ አዳምጣለሁ፤ የእኔው ፊልም አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም። ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር። የአንዲት የባላገር ልጅ ታሪክ ነው። መጀመሪያ ላይ ከእኩዮቿ ጋር እየተሳሳቀች ውኃ ስትቀዳ፣ ስትሮጥ፣ ስትወድቅ ትታያለች። መካከል ላይ አባቷ ይሞታል። ከዚያ በኋላ አትሮጥም። ታሪኩ ይኸው ነው። ልጅቷ እኔ ነበርኩ፤ የተቀረጸውም መካነ ሰላም ከተማ፣ ወደ ወግዲ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ እኛ ግቢ ነው።

የፊልሙ አዘጋጅ «ልጅነት እንዴት እንደሚያልቅ የሚያሳይ ሥራ ነው» ይል ነበር። አነጋገሩ ያናድደኝ ነበር። በዚያ ዘመን በእኛ አገር ልጅነት እንዴት እንደሚያልቅ ለማየት ፊልም ምን ያደርጋል? በር ላይ መቆም ይበቃ ነበር። በስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ረሃቡ ሲበረታ ከቆላ ወደ ከተማ የሚወጣው ሰው በደጃችን ነበር የሚያልፈው። አንዳንዱ ያልፋል፤ አንዳንዱ አጥራችን ሥር አረፍ ይልና በዚያው ይቀራል። ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ቄሱና ሁለት ሦስት ሰው ሆነው ይቀብሩታል። የሚያለቅስለት አይኖርም፤ ቢኖርም አቅም የለውም። ለቅሶም እንጀራ ይፈልጋል።

አባቴ ነጋዴ ነበር፤ ሱቅ ያለው ሳይሆን በቅሎ ያለው ነጋዴ። በበጋ ዓባይ ሲጎድል በመልካው ይሻገርና ጎጃም ገብቶ እህል ጭኖ ይመለሳል። በስልሳ ሰባት፣ ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ማለት ነው፣ ረሃቡ አልፏል ቢባልም ጓዳችን ገና ባዶ ነበር። አባቴ ከአንድ ጓደኛው ጋር በቅሎዎቹን ነድቶ ወረደ። በሦስተኛው ገበያ እመለሳለሁ ብሎን ነበር። ሦስተኛው ገበያ መጣና አለፈ። አራተኛውም አለፈ።

በዓባይ በረሃ ውስጥ ሽፍታ አለ፣ ወባ አለ፣ ወንዙም አለ። እናቴ አንዱንም በአፏ አታነሳም። ሰው እንዳይጠይቃት ብላ ገበያ መውጣት ተወች። እኔ ደግሞ በወግዲ መንገድ የመጣውን ሁሉ እያስቆምኩ እጠይቅ ነበር፤ ሁለት በቅሎ፣ አንዷ ዳማ፣ አንዷ ግራጫ፣ አላያችሁም? አላየንም ይሉኛል። አንዳንዱ ሲመልስልኝ ፊቱን ዞር ያደርጋል፤ ያን ቀን ሙሉ እህል ከአፌ አይገባም። የባሰው ግን ማለዳ ነው። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነውና በሩ በማለዳ በተንኳኳ ቁጥር ጆሮዬን እደፍን ነበር። እሳት ለመጫር የመጣችውን ጎረቤት ሳይቀር ጠላኋት።

ፊልም አንሺዎቹ የመጡት በዚህ መካከል ነው። አገሩ በዘማች ተማሪ ተሞልቶ ስለነበር እነሱም ዘማች መስለውን ነበር። አዘጋጁ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ጢማም ወጣት ነበር፤ ንግግሩ ፈጣን ነው፣ እጁም አያርፍም። ካሜራ አንሺው ጠና ያለ ዝምተኛ ሰው ነበር። ትምህርት ቤት መጥተው ሴቶቹን ልጆች አሰልፈው አዩንና እኔን መረጡ። ለምን እንደሆነ ኋላ ስጠይቅ አዘጋጁ «ዓይንሽ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ይመስላል» አለኝ። መቼም አልተሳሳተም።

እናቴን ለማስፈቀድ ሲመጡ ዱቄት እንሰጣለን አሉ፤ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ሥራው ሲያልቅ።

«ይኸ ካሜራችሁ ልጄን ምን ያደርጋታል?» አለች እናቴ።

«ምንም አያደርጋትም፣ እማማ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ዱቄቱን አምጣ።»

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀላል ነበሩ። ሂጂ ይሉኛል፣ እሄዳለሁ። ተመለሺ ይሉኛል፣ እመለሳለሁ። ካሜራውን አትዪ ይሉኛል፣ እሱ ብቻ ያስቸግረኝ ነበር። ውኃ ስቀዳ እውነተኛ ውኃ ስለሆነ የምቀዳው እናቴ ደስ አላት፤ አዘጋጁ ድገሚ ባለኝ ቁጥር ጋናችን ይሞላል። «ይኸ ልጅ ሞኝ ቢሆንም ሥራ ያሠራል» ትል ነበር። እኔም ካሜራው ፊት ስሆን ለጥቂት ጊዜ መንገዱን ማየት እረሳ ነበር። ከዚያ አስታውስና የረሳሁበትን ጊዜ እንደ ኃጢአት እቆጥረዋለሁ። አባቴን በረሳሁባት ቅጽበት አንድ ነገር የሚደርስበት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዘጋጁ እናቴ እህል የምትለቅምበት ቦታ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

«እማማ፣ ከነገ ጀምሮ የአባቷን ለቅሶ ነው የምናነሳው» አላት።

«የማንን አባት?»

«የልጅቷን።»

«የልጅቷ አባት እኮ አልሞተም።»

«በፊልሙ ውስጥ ማለቴ ነው።»

«ፊልሙ የሚነሳው የት ነው?»

«እዚሁ ግቢዎ ነው። እስከ ዛሬ ያነሳነው ቤት ይኸ ስለሆነ ሌላ ቦታ ቢሆን አይገጥምም።»

«ታዲያ በምን ይለያል?» አለችው።

አዘጋጁ ስለ ፊልም አሠራር ብዙ ነገር ተናገረ። በእኛ ዘንድ በሰው ላይ በቁሙ ማልቀስ ሟርት ነው። አባቴ ደግሞ እንኳን ተለቅሶበት ሳይለቀስበትም መኖሩ ያጠራጠረን ሰው ነው። እናቴ ሰፌዷን አስቀምጣ «አይሆንም» አለች። ማታውን ግን ሊጡን ስታቦካ እጇን ታየው ነበር። የመጀመሪያውን ዱቄት እየበላነው ነበር። እምቢ ካልን ቀሪው ይቀራል፤ የበላነውንስ ከየት አምጥተን እንመልሳለን?

በማግሥቱ ማለዳ እናቴ ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። ቄሱ አሰቡና «ጨዋታ ከሆነ ጨዋታ ነው። ብቻ የባልሽ ስም እንዳይጠራ፣ ልብሱም እንዳይወጣ» አሏት። በዚያ አልበቃትምና ጎረቤታችንንም ጠየቀች። እሷ ሰላቷን የማታጓድል እስላም ናት፤ እናቴ ከቄሱ ይልቅ ምክሯን ትሰማ ነበር።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ እታለም» አለቻት። «አላህ የሚያየው ኒያውን፣ የልብን ሐሳብ ነው። ልጅቷ በልቧ አባቷን ካላሰበች ምንም አይጻፍባትም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ሰምተሻል? አባትሽን እንዳታስቢ» አለችኝ።

ይህ ምክር አሳር ሆነብኝ። አታስቢ የተባለውን የማያስብ ሰው ማን አለ? እናቴም የራሷን ፍርድ ጨመረች፤ ለቅሶው እስኪያልቅ ቤት ውስጥ ሆና በሯን ዘግታ ትቀመጣለች፣ በዓይኗ አታይም። እንዲህ ሆኖ ተስማማን።

በማግሥቱ ማለዳ ራሴን ተላጨሁ። የአባት ሐዘን ነውና ፀጉር አይኖርም አለ አዘጋጁ፤ እውነቱን ነው፣ በአገራችን ልማድ ነው። ምላጩ ሲያልፍ እናቴ ቤት ውስጥ ገባች። ጥቁር ቀሚስ አለበሱኝ። ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተጣደ። ከከተማው ዳር ከእርዳታ ሠፈሩ፣ ከአካባቢው መንደርም ሴቶችና ሽማግሌዎች ተጠርተው መጡ። ያልተጠሩም መጡ። የንፍሮ ሽታ ጥሪ አይፈልግም።

ሙሾ የሚያወርዱት ሴትዮ አሮጊት ነበሩ፤ በአገሩ ታላቅ ለቅሶ ሲሆን የሚጠሩ አልቃሽ ናቸው። መሬት ላይ ምርኩዛቸውን አስቀምጠው አዘጋጁን አዩት።

«ሟቹ ማን ይባላል?»

«ስም የለውም፣ እማማ። የፊልም ሰው ነው።»

«አገሩስ?»

«አገርም የለውም። ዝም ብለው ያልቅሱ።»

«ዝም ብሎ የሚያለቅስ ሕፃን ነው» አሉ። «ጀግና ነበር? ለጋስ ነበር? በምን ሞተ? ይህን ሳላውቅ ምኑን ይዤ ላልቅስ?»

አዘጋጁ ወረቀቱን አገላበጠ፤ ይህን ያሰበበት አይመስልም። ቀና ብሎ «በረሃብ ነው የሞተው» አላቸው።

አሮጊቷ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሠሩ። «እንዲያ ከሆነ አውቀዋለሁ» አሉና ተነሱ።

ያወረዱትን ሁሉ አላስታውስም። አንዱ ግን አልጠፋኝም፦

በመንገድ የቀረህ ስምህን ማን ያውቃል፣
የሚያለቅስልህ ሰው ዛሬ ገና መጥቷል።

ግቢው ተናወጠ። ከእርዳታ ሠፈር የመጡት ሴቶች እየተነሱ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ፤ እያንዳንዷም የራሷን ሰው ስም ትጠራለች። የባሏን፣ የልጇን፣ የእናቷን። አንዷ ሦስት ስም አከታትላ ጠርታ ድምጿ ተዘጋ። ፊልም መሆኑን አላጡትም፤ ተነግሯቸዋል። ግን ሰዎቻቸውን መንገድ ላይ ጥለው፣ ሳያለቅሱ፣ እርማቸውን ሳያወጡ ነው የመጡት። ዓመት ሙሉ ድንኳን ያለበት፣ ንፍሮ ያለበት፣ አልቃሽ ያለበት ቦታ አላገኙም ነበር። አሁን አገኙ። ሽማግሌዎቹም ምርኩዛቸውን ተደግፈው ያለቅሱ ነበር።

አዘጋጁ በደስታ ሊያብድ ደረሰ። «እንዴት ያሉ ተዋናዮች ናቸው!» ሲል ሰማሁት። አፉን በንፍሮ ብጠቀጥቅለት ደስ ባለኝ። ካሜራ አንሺው ግን አንዴ ዓይኑን ከካሜራው አንስቶ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ሰው ወደድኩት።

በዚያ ሁሉ መካከል ያላለቀስኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። አዘጋጁ ፊቴ ተንበርክኮ «አባትሽን አስቢ፤ ሞቷል፣ አይመጣም፣ አስቢው» ይለኛል። ከኋላው ደግሞ ጎረቤታችን ቆማ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እንዳታስቢ። ጥርሴን ነክሼ የማባዛት ሠንጠረዥ በልቤ እደግም ጀመር። ሰባት በሰባት አርባ ዘጠኝ። ሰባት በስምንት ሃምሳ ስድስት። ሐሳቤ ወደ ዓባይ ሲንሸራተት መልሼ ወደ ዘጠኝ እጎትተዋለሁ። እንባ ቢመጣ አባቴን የምገድለው ይመስለኝ ነበር። ሌላው ሁሉ በለቅሶ እየደከመ እኔ እንደ ግንድ ደርቄ ቆምኩ። ፀሐዩ አዘቀዘቀና አዘጋጁ በንዴት ወረቀቱን አጥፎ «ነገ እንደግማለን» አለ።

ማታውን ለእናቴ «አላለቀስኩም» አልኳት። ራሴን ዳበሰችኝ። መላጣዬን ስትነካ ወዲያው እጇን አነሳች።

በማግሥቱ ሕዝቡ እጥፍ ሆኖ መጣ። የመጀመሪያው ቀን ሰዎች ወደየመንደራቸው ሲመለሱ በመንገድ ላይ ለጠየቃቸው ሁሉ በነጋዴው ቤት ለቅሶ አለ፣ ግቢው ሞልቷል እያሉ ነው የሄዱት። የፊልም ለቅሶ ነው ብሎ ማስረዳት ረጅም ነው፤ ለቅሶ አለ ማለት አጭር ነው። ሩቅ ያለው ሰምቶ መጣ። እነዚህኛዎቹ ካሜራውን ሲያዩ ግራ ገባቸው፤ ግን የለቅሶ ቤት ገብቶ ዝም አይባልምና እነሱም አለቀሱ።

ረፋዱ ላይ አሮጊቷ ሙሾ አውርደው ሴቶቹ ሲቀበሏቸው፣ እኔም ስድስት በዘጠኝ ላይ እያለሁ፣ ከአጥሩ ውጭ በመንገዱ በኩል የወንድ ድምፅ ተሰማ። በእኛ አገር ወደ ለቅሶ የሚመጣ ሰው ለቅሶውን ከደጅ ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ ማንም ዞር አላለም። «ወየው ቤቴ! ወየው ቤቴ!» ይላል። ድምፁን አወቅሁት። አወቅሁትና አላመንኩም።

በአጥሩ በር አባቴ ገባ። ጋቢውን ወገቡ ላይ አሥሯል፣ በባዶ እግሩ ነው፣ ፊቱ ከስቶ ብጫ ሆኗል። መጀመሪያ የመሰለኝን ልናገር፤ ነፍሱ ለቅሶዋን ሰምታ የመጣች መሰለኝ። ሟርቱ ደርሷል፣ እኔም ባላስበው ደርሷል አልኩ። ከዚያ እግሩን አየሁት። አቧራ ነበረበት፣ አውራ ጣቱም ተልጦ ይደማ ነበር። ነፍስ አትደማም።

አባቴ ዓይኑን ሕዝቡ ላይ አንከራተተ። ማን እንደሞተ አያውቅም፤ ያለቀሰው ሳያውቅ ነው። ከዚያ እኔን አየኝ። ጥቁር ልብሴን አየ፣ የተላጨ ራሴን አየ። ልጁ በሕይወት አለች፤ ራሷን የተላጨችለት ሰው ከእናቷ በቀር ማን ሊሆን ይችላል? እጆቹን ወደ ላይ አነሳና «የልጄን እናት! የልጄን እናት ወሰድክብኝ!» ብሎ ጮኸ። ደረቱን መታ። አሮጊቷ የሐዘኑ ባለቤት እንደመጣ ገባቸውና ሙሾውን ወደ እሱ አዞሩት፤ ሴቶቹ መንገድ ከፈቱለት። ካሜራውም አብሮ ዞረ።

እኔ አፌን ከፈትኩ። «አባዬ፣ እማዬ አለች! አለች!» አልኩ፤ እሱ ግን የለቅሶው ጩኸት ውጦት አይሰማኝም። ዕንባዬ ያን ጊዜ ነው የመጣው። እየጮኽኩ ወደ እሱ ሮጥኩ፤ ሰው መሐል ገባ፤ ሐዘን ያሳበዳት ልጅ ናት ብለው ያዙኝ። ሴቶች እጄን እንቅ አድርገው ያጽናኑኛል፣ እኔ እየታገልኩ አለች እላለሁ፣ እነሱ አይዞሽ ይሉኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጭንቅ አይቼ አላውቅም። ከበረሃው የተረፈው አባቴ ዓይኔ እያየ በሐዘን ልቡ ሊቆም መሰለኝ።

እናቴ ከተዘጋው በር ኋላ ሆና የባሏን ድምፅ ሰማች። እሷ ያሰበችውን ኋላ ነግራኛለች፤ የሞተ ሰው ሲጠራት መሰላት። ቢሆንም ከፈተች። እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ቀና ሲል ደጃፉ ላይ ቆማ አያት። ሁለቱም አልጮኹም። አጠገባቸው ያለው ሰው ቀስ በቀስ ዝም አለ፤ ከዳር ያሉት ግን ገና ያለቅሱ ነበር።

«የት ቆየህ?» አለችው እናቴ።

እንደ ገበያ ቀን ነው የጠየቀችው። አባቴ በጋቢው ጫፍ ፊቱን ሸፈነ።

ነገሩ ኋላ ሲጣራ፣ ከዓባይ ሲወጣ ወባ ጥሎት አንድ ገበሬ ቤት ተኝቶ ከርሟል። ጓደኛው አስታሞት፣ ሲሻለው በቅሎዎቹን ይዘው ተነሱ። በወግዲ መንገድ ላይ ያገኟቸው ሰዎች ቤትህ ለቅሶ ነው አሉት። ማን እንደሞተ አያውቁም። በቅሎዎቹን ለጓደኛው ትቶ ሲሮጥ መጣ። እህሉ በማግሥቱ በሰላም ገባ። አባቴ የራሱ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮ ሲበላ አዘጋጁ ቀርቦ በትሕትና «ጌታዬ፣ አንዴ ብቻ ቢደግሙልን» አለው። አባቴ ጉርሻውን ዋጠና «ልጄ፣ እንዲህ ያለው አይደገምም» አለው። ካሜራ አንሺው ከኋላ «አያስፈልግም፣ ይዤዋለሁ» አለ።

ሴቶቹ ሲሄዱ አባቴን እየመረቁት ነው። በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይባላል፤ ሟርቱ ወደ በረከት ዞረ አሉ። እኔም አመንኩ። ከዚያ በኋላ ማለዳ በር ሲንኳኳ ጆሮዬን መድፈን ተውኩ። አባቴም እናቴን ሲያበሽቃት «ብትሞቺ ምን ያህል እንደማለቅስልሽ አይተሻል፤ እስቲ አንቺ የኔን አሳዪኝ» ይላት ነበር። እሷም «ዝም በል» ትለዋለች።

ዕድሜው አልረዘመም። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ሰው በሰው ላይ በተነሳበት ጊዜ፣ እህል ደብቆ ሕዝብ ያስራበ ነጋዴ ነው ተባለ። እንግዲህ ያን ወንዝ እየተሻገረ እህል ያመጣው ሰው ነው። የአብዮት ጥበቃዎች መጥተው ወሰዱት። ከዚያ እርምጃ ተወስዶበታል ተባልን። ሬሳውን አልሰጡንም። ማልቀስ፣ ጥቁር መልበስ፣ ድንኳን መትከል ክልክል ነው፤ ያለቀሰ የእሱ ግብረ አበር ነው አሉን። ጎረቤታችን ጨው የምትበደር መስላ መጥታ የእናቴን እጅ ይዛ ተቀመጠች፤ አብሽሪ ለማለት እንኳ ድምጿን ፈራች። እናቴ አላለቀሰችም። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር፤ የለቀመችውን መልሳ ትደባልቅና እንደገና ትለቅማለች።

ወደ ደሴ ሄድን። ዘመድ ቤት ተጠግተን እኔ ትምህርቴን ቀጠልኩ። እናቴ ከስታ ነበር፤ እንቅልፍ አልነበራትም፣ ስጠራት ቶሎ አትሰማኝም። ሰው ሐዘኑን ካላወጣው ውስጥ ውስጡን ይበላዋል ይላሉ። እሷንም እንዳላጣት ፈራሁ፤ የዚያን ዘመን ፍርሃቴ ሁሉ እሱ ነበር።

አንድ ቀን የክፍሌ ልጅ «ሲኒማ ቤት አንቺን የምትመስል ልጅ አየሁ፣ ራሷን የተላጨች» አለችኝ። ፊልሙ ማለቁን እንኳ አላወቅሁም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴን ይዤ ሄድኩ። ፊልሙ አባቴን ያሳይ አያሳይ አላወቅሁም፤ ለእናቴም አልነገርኳትም፣ የልጅነቴን ፊልም እንይ ብቻ አልኳት። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ወጣት ቆሟል። ገብተን ስንቀመጥ መጸጸት ጀመርኩ። አባቴን ብታይ ምን ትሆናለች? ብትጮህስ? ስሙን ብትጠራስ?

መብራቱ ጠፋና ግቢያችን መጣ። እናቴ ውኃ ስቀዳ አይታ «አጎንብሰሽ አትቀጂም ነበር?» አለችኝ። ከኋላችን ሰው ሳቀ። ትንሽ ዘና አልኩ። ከዚያ ድንኳኑ መጣ፣ አሮጊቷ መጡ። የግቢውን ጩኸት አውጥተው ማሲንቆ አስገብተውበታል። በአጥሩ በር አባቴ ገባ፤ ከነጋቢው፣ ከነባዶ እግሩ። የኔም ፊት መጣ። አፌ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ዕንባዬ ይወርዳል። አለች እያልኩ ነው፤ ግን ማሲንቆው ብቻ ነው የሚሰማው። አዳራሹ ሁሉ ለአባቷ የምታለቅስ ልጅ ነው ያየው። አጠገቤ ያለች ሴት በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። ከፊት የተቀመጠ ሽማግሌ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባቴ በትልቁ ነጭ ጨርቅ ላይ እጆቹን አንስቶ ለእናቴ ያለቅሳል። እናቴ ወደፊት ዘመም ብላ አየችው። ቀስ ብላ፣ ቤታቸው ሆነው እንደሚያወሩ፣ «እኔማ አለሁ» አለችው። «እኔማ አለሁ፤ አንተ ነህ እንጂ የሌለኸው።» ከዚያ ደረቷን መታች። ድምጿን አውጥታ፣ እንደ አገሯ፣ ባሏን አለቀሰችው። እጇን ለመያዝ እጄን ዘርግቼ መለስኩት። የሚያያት አልነበረም፤ አዳራሹ በሞላ እያለቀሰ ነበር።

ስንወጣ ዓይኗ አብጦ ፊቷ ረጥቦ ነበር። የጥበቃው ወጣት አስቆማት።

«ምነው እናት፣ ምን ሆኑ?» አላት።

እኔ ክንዷን ያዝኩ። እናቴ በነጠላዋ አፍንጫዋን ጠረገች።

«ፊልሙ ነው፣ ልጄ» አለችው። «ፊልሙ አሳዘነኝ።»

ወጣቱ ፈገግ አለ። «እውነት እንዳይመስልዎት፤ የውሸት ለቅሶ እኮ ነው።»

«እሺ፣ ልጄ» አለችው፤ መንገዱን ለቀቀልንና አለፍን። ያን ሌሊት እናቴ እስኪነጋ ተኛች።